ብሎን የሌለው ክዳን

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ አማቴ ተሸነፉ። ሌላ ጊዜ ስበሳጭ ገልጬ እንዳነበው ብዬ ነው የምጽፈው።

አማቴ ላውንደሪ ቤት አላቸው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከላውንደሪው ጀርባ ባለችው ክፍል የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥን እንሠራለን፣ የተበላሸውንም እንጠግናለን። የአማቴን ማሽኖች የምጠግነው እኔ ነኝ። የትልቁ ማጠቢያ ማሽን ሳጥን የፊት ክዳኑ በስምንት ብሎን ነው የታሰረው፣ የልብስ ብናኝ ደግሞ በየሳምንቱ ውስጡን ይሞላዋል። ለማጽዳት ስምንቱንም መፍታት ነው። ሁለቱ ዝገው አንፈታም ይላሉ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከእጄ አምልጦ ማሽኑ ሥር ይገባል። እሱን ፍለጋ በሆዴ እሳባለሁ፤ አማቴ ከበላዬ ቆመው "አገኘሽው?" ይሉኛል። ሳላገኘው ይሉኛል፣ ካገኘሁትም በኋላ ይሉኛል።

ስለዚህ ዛሬ ደፍሬ ተናገርኩ። ብሎኑ ይቅር፣ ክዳኑን በማግኔት ላድርገው አልኩ፤ ጎማ የለበሰ ጠፍጣፋ ማግኔት በአራቱም ማዕዘን። ሳብ አድርጎ ማንሳት፣ ብናኙን መጥረግ፣ ጠቅ አድርጎ መመለስ። መብሳት የለ፣ የብረት ፍቅፋቂ ሽቦ መሃል መግባት የለ። አማቴ ክዳኑ እግራቸው ላይ ቢወድቅ ማን እንደሚያስታምማቸው ጠየቁ። ቀጥለው "እስቲ ሞክሪውና እናያለን" አሉ።

ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምራታቸው ከሆንኩ ጀምሮ "ጎበዝ" ብለውኝ አያውቁም። ለልጃቸው ይላሉ። ለድመቷ ይላሉ። ኪሱን አራግፎ ልብሱን ለሚያመጣ ደንበኛ ሁሉ ይላሉ። ለእኔ "ደህና ነው" ናት። ይህን ክዳን ሠርቼ ያቺን ቃል ከአፋቸው ካላወጣኋት እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ለወንድሜ ነገርኩት። በዚህ ደብተር ውስጥ "ብሎን" ነው የምለው፣ በሌላ ነገር አያምንምና። የቤቱን የግድግዳ ሰዓት በአራት ብሎን ያሰረ ሰው ነው። ባትሪ ሲቀይር ብሎኖቹን ፈትቶ እስኪጨርስ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሰው ይጠይቃል።

አላስጨረስኩትም እንጂ ሊያስተምረኝ ነበር። ጣቱን ቀስሮ "የብሎን ሥራ መያዝ ብቻ አይደለም" ብሎ ጀመረ። "አውቃለሁ፣ መዛግም ሥራው ነው" አልኩት። ጣቱን አጠፈ። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ አላናገረኝም። ወንድሜ ካኮረፈ የዋዛ አይደለም፣ ካቻቢቴ እንኳ የሚጠይቀኝ በጥቅሻ ነው።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ማግኔቶቹ ቤት ውስጥ ጠብ አመጡ። ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሽርጤን ከነማግኔቱ የመሣሪያ ቦርሳው ላይ ጥዬው አደርኩ። ዛሬ መቀሱ ያገኘውን ምላጭና የፀጉር ሽቦ ሁሉ አንጠልጥሎ ይነሳል። አንድ ደንበኛ ጆሮውን ይዞ ወጥቷል። ባሌ አልተቆጣም፣ እሱ አይቆጣም፤ ቅር ሲለው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይናገራል።

ጣሪያውን እያየ ሌላም ነገር ተናገረ። የእናቱ የጣት ቁርጥማት በዚህ ዝናብ ብሶባቸዋል፣ ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ውስጥ የኖሩ ጣቶች ናቸው፣ ማታ ማታ በሞቀ ዘይት የሚያሻቸው ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር። ጣሪያው ይሻቸው አልኩ፣ በሆዴ። በአፌ ሥራ አለብኝ አልኩ። እውነትም አለብኝ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

በጥድፊያ። ክዳኑ አለቀ። ወፍራም ቀለም፣ ሁለት እጅ፣ ዝገት አጠገቡ አይደርስም። ማግኔቶቹ በቦታቸው። ከሪሌዮቹ፣ በማግኔት ከሚበሩትና ከሚጠፉት ማብሪያዎች፣ አራቅኳቸው፣ እንዳያሳስቷቸው። ከማሞቂያው ጎንም አራቅኳቸው፣ ሙቀት ማግኔትን ያሰንፋል። ክዳኑ ቢንሸራተት የሚያርፍበት መደገፊያ ከታች። ቀላል ቀላሉ፣ የሽቦ መያዣው ምኑ፣ በማግኔት። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኃይሉን ቀንሶ ለሰዓቱና ለመብራቶቹ የሚያድለው ትንሽ የብረት ሳጥን፣ እንደ ድሮው ክዳኑ ጀርባ ላይ በራሱ የብረት ማቀፊያ ታስሯል። ከባድ ነገር በማግኔት አላንጠለጥልም፣ ሞኝ አይደለሁም። ሽቦዎቹ እንደነበሩ። የጨመርኩት የለም፤ ከብሎኖቹ በቀር የቀነስኩትም የለም።

ሁሉን አስቤአለሁ።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ገጠምኩት። አማቴ ሳብ አደረጉት፣ መለሱት፣ ደግመው ሳቡት፣ ደግመው መለሱት። እግራቸው ላይ እንዲወድቅላቸው የፈለጉ ነው የሚመስለው። አልወደቀም። "ደህና ነው" አሉ።

ብሎን መጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው። "ስሚኝ እንጂ፣ ብሎን ማለት እኮ…" ሲል ድሪሉን አስነሳሁበት። የምበሳው ነገር አልነበረኝም፣ አየር በሳሁ። ትቶኝ ሄደ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

አንድ ነገር ሆኗል፣ ደስ የሚል ነገር። ጠዋት ላውንደሪ ስገባ አማቴ እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። በዚያች ባለቀች ሸበጣቸው፣ በዚያ በራሰ ሲሚንቶ ላይ። እንዳላስደነግጣቸው ጠበቅኩ። ዓይናቸውን ሲገልጡ "ምንድን ነው እዚህ ውስጥ የከተትሽው?" አሉኝ።

"ማግኔት ነው እማማ፣ ጉልበቱ ነው" አልኩ እየሳቅኩ።

"ደህና ጉልበት አለው" አሉ። ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። አልሳቁም።

ከሄዱ በኋላ በጎማ ቦት ጫማዬ ውሃውን እያንቦጫረቅኩ ተጠግቼ እኔም እጄን ጫንኩ። ክዳን ነው። ልስልስ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ። እሳቸው ግን ሥራ ያውቃሉ ማለት ነው፣ ለዛውን በእጃቸው አገኙት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

የጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ልታይ መጣች፣ አማቴ ጠርተዋት። እሷም እጇን ጫነች፣ "ውይ፣ እውነትም" አለች። ሁለት እጅ ቀለም መሆኑን ነገርኳት። አልሰማችኝም፣ ሌላ እጇን ጨመረች።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ድመቷ ማሽኑ ላይ መተኛት ትታለች። ሞቃቱ ቦታ እሱ ነበር፣ ከእሱ ሌላ አታውቅም ነበር። ዛሬ ከውጭ ከነእርጥበቷ መጥታ አፍንጫዋን ክዳኑ ላይ አስጠጋችና እንደተተኮሰበት ሰው ዘላ የቆሸሹት ልብሶች ውስጥ ገባች። እስካሁን አልወጣችም። በዚህ ቤት "ጎበዝ" የምትባለው እሷ ብቻ ነበረች፤ ምቀኝነት መሆኑ ግልጽ ነው።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ ማታ

ተናገሩት።

በሙሉ ልጻፈው። ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጡረተኛ ሾፌር አሉ፣ ሌሎች የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች አሉ። ተሰልፈዋል። በላውንደሪ ቤት ሰው ልብስ ይዞ ሲሰለፍ አይቻለሁ፤ ባዶ እጁን ሲሰለፍ ግን ያየሁት ዛሬ ነው። አማቴ ከማሽኑ ጎን ቆመው ተራ ያስከብራሉ። የሚደርሰውን ሰው ሁሉ "ጫማህን አውልቅ፣ ጫማሽን አውልቂ" ይላሉ። ሾፌሩ ካልሲያቸውንም አወለቁ። ለሥራዬ ጫማ ይወለቃል! እኔ እንኳ የራሴን ሥራ ያን ያህል አላከበርኩትም።

አንድ በአንድ እየቀረቡ እጃቸውን ይጭናሉ። አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ "በቃኝ፣ በቃኝ" ትላለች፣ ሾፌሩ ትከሻቸውን አስጠጉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አማቴ አዩኝና በሰው ሁሉ ፊት በጣታቸው አመለከቱኝ። "የልጄ ሚስት ናት የሠራችው" አሉ። "ጎበዝ ናት።"

ሽርጤን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ ዓይኔ ውሃ ሞልቶ ነበር። ይህን ስጽፍም ያው ነው። ለባሌ ስነግረው ጣሪያውን አላየም፣ እኔን አየኝ፤ አቀፈኝ። ከዚያ "ግን እጃቸውን ለምንድን ነው የሚጭኑት?" አለ። ፀጉር አስተካካይ ስለ ብረት ሥራ ምን ያውቃል።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

አማቴ ሁለተኛውንም ማሽን እንደዚያው አድርጊልኝ አሉ። ሦስተኛውንም። ልብስ ሰፊዋ የስፌት ማሽኔንስ አለች።

ሾፌሩ በሩ ላይ ለልብስ ሰፊዋ "ውሃ ስትረግጪ ይበረታል" ሲሏት ሰማሁ። ስለ ዝናቡ መሰለኝ። ዝናቡን በተመለከተ ለምን "ስትረግጪ" ይላሉ? ቁርጥማት ይሆናል፣ ሽማግሌ ስለ ቁርጥማት ነው የሚያወራው።

ቴስተሬን፣ ኃይል ሲነካ የሚበራውን መፈተሻ፣ ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ምንም የሌለበትን ነገር መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። እኔም እጄን ጭኜው የለም ወይ?

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ክዳን እየደረቀ ነው። ብሎን በአጠገቡ አለፈ፣ ቆመ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ጫር ሊያደርግ ሲል እጁን መታሁት። "ከክዳኑ ወደ ሳጥኑ በምን ነው…" ሲለኝ "በማግኔት ነው፣ በማግኔት" አልኩት። ደግሞ አኮረፈ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ድመቷ ሳስብ ነበር። ለምን ስለ ድመት እንደማስብ አላውቅም።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ነዘረኝ።

ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ቦት ጫማዬን ሞላው። አወለቅኩት። በባዶ እግሬ፣ በራሰ ወለል። ብናኝ ልጠርግ ክዳኑን ያዝኩ። ጥዝዝ፣ እስከ ክርኔ። ቴስተሩን አወጣሁ። በራ። በቀን ብርሃን ቁልጭ ብሎ በራ።

ማሽኑን ከግድግዳው አጠፋሁ። "ተበላሽቷል" ብዬ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። በማግኔት ነው የለጠፍኩት፣ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ያው ዓርብ፣ ማታ

ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር።

"ጋሽዬ" አልኩት፣ "ያቺን ነገርህን ጨርሳት።"

"የትኛዋን?"

"የብሎን ሥራ መያዝ ብቻ አይደለም ያልካትን።"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀስ ብሎ ነው የጠረገው፣ እያንዳንዱን ጣት። ከዓይኑ ብልጭ ያለችውን አይቻታለሁ፤ ብዙ ሳምንት የጠበቃት ነገር ናት፣ አልፈርድበትም። "የብሎን ሥራ መያዝ ብቻ አይደለም" አለ። "ብረትን ከብረት ያገናኛል። ሳጥኑ የመሬት ሽቦ አለው። ክዳኑ የራሱ የለውም፣ ከሳጥኑ ጋር በብሎኖቹ በኩል ነበር የሚገናኘው። አንቺ ብሎኖቹን አወጣሽና መሃሉ ላይ ጎማና ሁለት እጅ ቀለም ከተትሽበት። ክዳኑ ብቻውን ነው የቀረው።"

የቀረውን እኔው ጨረስኩት፣ ማወቅስ አውቀዋለሁ። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ብረት ገላው፣ ከገላውም ወደ ክዳኑ ሁልጊዜ ጥቂት ኃይል ይሾልካል። ድሮ በብሎኑ አድርጎ ወደ መሬት ይሄድ ነበር። አሁን መሄጃ ሲያጣ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ያ ትንሹ ነው፣ ጥዝዝ የሚለው። አንድ ቀን ውስጡ ውሃ ቢገባ ወይም መሸፈኛው ቢቃጠል ደግሞ የሚጠብቀው ሙሉው ነው። እና እኔ ሰው አሰልፌበታለሁ። በባዶ እግር። ሾፌሩ ትከሻቸውን አስጠግተውበታል።

የሽቦ ጥቅልሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "ማግኔትሽ ጥፋት የለበትም" አለኝ። "እሱ ይያዝ። መንገድ ግን ስጪው።" ከዚያ ሰዎቹ ለምን እጃቸውን እንደሚጭኑ ጠየቀኝ። አላውቅም፣ ለቁርጥማት ይሆናል አልኩ። "የማግኔቱ ጉልበት ነው" ብዬ ለአማቴ የቀለድኳትን አልነገርኩትም። ለሥራው አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

በጠዋት ገባን። ከክዳኑ ጀርባ አንድ ቦታ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅኩት። ከሳጥኑም እንዲሁ። ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ፣ ክዳኑ ሲነሳ እንዳይወጠር ረዘም አድርገን፣ ከሳጥኑ ወደ ክዳኑ፣ ከክዳኑ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ገላ። ሽቦውን ክዳኑ ላይ በብሎን አሰርነው። ብሎን ራሱ ነው ያሰራት፣ እያፏጨ። ቴስተሩን አስጠጋሁ፣ አልበራም። በሜትርም ለካሁ። በባዶ እግሬ ቆሜ እጄን ጫንኩ። ምንም። ሁለተኛውንም ክዳን እንዲሁ አደረግነው።

አማቴ ሲመጡ ቀጥታ ወደ ክዳኑ ነው የሄዱት። እጃቸውን ጫኑ። ጠበቁ። ሸበጣቸውን አወለቁ። ጠበቁ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አደረግሽው?"

"አንዲት ሽቦ ጨመርኩ፣ እማማ። ሲነዝርዎት የቆየው ኤሌክትሪክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል" አሉ። "እኔ ይኸው አለሁ።"

"እንኳን ኖሩልኝ" አልኩ። የማግኔት ጉልበት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ አሁን ጉልበቱን አወጣሽው፣ ለማን ልትሰጪው ነው አሉኝ። ቀልድ ነበር አልኩ። በአማቴ ፊት "ቀልድ ነበር" ብሎ መቆም ምን እንደሚመስል ልጽፈው አልችልም። ውሃ ሆንኩ።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ሰልፉ ተበተነ። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት፤ አመነችኝ፣ ደነገጠች፣ ቀጥላ ግን ጣቷ እውነት ተሽሏት እንደነበር አጥብቃ ነገረችኝ። ሾፌሩም ዘንድ ሄድኩ። ትከሻቸውን ይዘው "ትንሽ ብቻ ልትተይልን አትችይም?" አሉኝ።

አማቴ እያናገሩኝ አይደለም። በራት ጊዜ ጨው ሲፈልጉ ጨውን የሚጠይቁት ልጃቸውን ነው፣ ጨው አጠገቤ እያለ። "ደህና ነው" እንኳ ቀርታለች። ዛሬ ድመቷን ሁለት ጊዜ "ጎበዝ" ሲሏት ሰማሁ፣ ወደ እኔ እያዩ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያሰብኩትን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ደብተሩ የራሴ ነው። ከተጣለ ስልክ ውስጥ የምትንቀጠቀጠዋን ትንሽ ሞተር አውጥቼ ከክዳኑ ጀርባ በማግኔት ልለጥፋት አሰብኩ። በባትሪ፣ ምንም አደጋ የሌለው። እጃቸውን ሲጭኑ ድርር ትላለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ "ጎበዝ" እባላለሁ። ሞተሯን አውጥቼ መዳፌ ላይ ሞከርኳት። ደስ ትላለች።

ወንድሜ መዳፌን አየ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም፣ ገባው። ብቻ "ክዳን ነዝሮ ይፈውሳል ብለው ከለመዱ፣ ሌላ ቤት ሄደው የሚነዝር ክዳን ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ?" አለኝ።

ሞተሯን መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት። ከዚያም አውጥቼ ለባሌ ሰጠሁት፣ መሳቢያው ለእጄ ቅርብ ነው፣ ይፈትነኛል።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

አሁንም ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይጭናሉ። በልብስ ክምሩ ጀርባ ሆኜ አየኋቸው። ጭነው ይጠብቃሉ፣ ምንም የለም፣ ጣታቸውን እያፍተለተሉ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ለራሳቸው የሚሉትን ሰማሁ፣ "ምናልባት ነገ" ነው የሚሉት።

አንጀቴን በሉት።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት። ማሽኑ እየሠራ። እኔ ከሁለተኛው ማሽን ሥር። የውሃው ጎማ ከላይ ፈነዳ፣ ውሃው በሳጥኑ ክፍተት ገባ። ጧ አለ። ሽታ። ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ወረደ፣ ቤቱ ጨለመ፣ ማሽኑ ቆመ።

ቀና ስል አማቴ እዚያው ቆመዋል፣ በሸበጣቸው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ። እጃቸው ክዳኑ ላይ ነው። ሁለቱም እጃቸው።

"ደግሞ መብራት አጠፋሽብኝ?" አሉ።

በምን እንደደረስኩ አላውቅም። እጃቸውን ከክዳኑ አነሳሁ፣ ያዝኳቸው፣ አልለቅ አልኩ። ሰው እየጠበቀ ነው፣ አንሶላዎቹ በሳሙና ውስጥ ቀሩ፣ ብሎን በነበረው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም አሉ። እሺ እማማ አልኩ። ቆይተው ተቆጡ፣ "ልቀቂኝ እንጂ፣ እጄን አመምሽኝ" አሉ። ያኔ ነው የለቀቅኩት።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ፓወር ሰፕላዩን ፈታሁት። ውስጡ ከስሏል፣ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ መሸፈኛ ቀልጦ ከገላው ጋር ተጣብቋል። ያ ሁሉ ኃይል ክዳኑ ላይ ነበር ማለት ነው፣ በአንዲቷ ሽቦ በኩል ወርዶ ብሬከሩን እስኪጥል ድረስ። ሽቦዋ ምንም አልሆነችም። ብሎኗም ምንም አልሆነችም። ማግኔቶቹም ክዳኑን እንደያዙት ነበሩ፣ ውሃው እንኳ አላንሸራተተውም።

ለወንድሜ አሳየሁት። አገላብጦ አየው። ይቀልዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቀልዱንም አዘጋጅቼለት ነበር። አልቀለደም። የእኔን ሻይ ጠጥቶ የራሱን ሰጠኝ፣ ማስተዋሉን እንጃ።

ለአማቴ ልንገራቸው ወይ አለ። ተወው አልኩት። እጅዎ ላይ ሞት ነበረ ብዬ ከነገርኳቸው በፍርሃት ላውንደሪውን ይዘጋሉ። ወይም ደግሞ አያምኑኝም፣ እንደገና "እኔ ይኸው አለሁ" ይሉኛል። አሁን ያቺን ነገር ብሰማ ላለቅስ እችላለሁ። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገጠምኩ፣ ለሳጥኑ ከላይ የውሃ መከላከያ ጣሪያ ሠራሁለት፣ ሽቦዋን ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ደግሜ ለካሁ።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

በራት ላይ አማቴ ለልጃቸው፣ ሚስትህ የሠራችው ክዳን ጠብታ ውሃ አይችልም፣ ወንድሟ ይሻላል፣ ሁለተኛ ማሽን ሲበላሽ እሱን ነው የምጠራው አሉ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አንድ ሳምንት አያኮርፍም። ባሌ ጣሪያውን አየ። እኔ ወጥ ጨለፍኩ።

ከራት በኋላ ዘይት አሞቅኩ። በትንሽ ሳህን አድርጌ ይዤ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፣ ቀኝ እጃቸውን ሳልጠይቅ ያዝኩ። ሊነጥቁኝ ፈለጉ፣ ተዉት። ጣቶቻቸው ጠንካራ ናቸው፣ አንጓዎቹ ያበጡ፣ ጥፍሮቹ በሳሙና የነጡ። ከሥር ጀምሬ ወደ ጫፍ አንድ በአንድ አሸሁ። ሙቅ ነበሩ። ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ረቡዕ እነዚህ ጣቶች የት እንደነበሩ ነው ያሰብኩት፣ ዘይቱ ውስጥ እንባ እንዳይገባም አንገቴን ደፋሁ።

አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ባሌ ጋዜጣ የሚያነብ መስሏል፣ ግን ገጽ አልገለጠም። ድመቷ እንኳ መጥታ ጉልበቴ አጠገብ ተኛች።

"እንደ ማሽኑ አይሆንም" አሉ አማቴ።

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

ከዚያ ግራ እጃቸውን ሰጡኝ።